የፕሮሰሰር ምት ቆጣሪ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ፦ ለከርነል ጊዜ አለካክ ምን ያህል ይታመናል?

አኅጽሮተ ጥናት

የኤክስ86 ፕሮሰሰሮች የምት ቆጣሪ ለሊኑክስ ከርነል ፈጣኑና ረቂቁ የጊዜ ምንጭ ነው። ከርነሉ በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ሲሠራ ግን የቆጣሪው ንባብ የሃርድዌሩ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ በመካከል ሃይፐርቫይዘሩ ይገባበታል። ይህ ጽሑፍ ኬቪኤምን ዋና ማሳያ አድርጎ፣ «ቆጣሪው ይታመናል ወይ?» የሚለው የተለመደ ጥያቄ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን አደባልቆ እንደያዘ ያሳያል። እነርሱም የፍጥነት ወጥነት፣ በፕሮሰሰሮች መካከል ያለ ስምምነት እና የተለካው ጊዜ ባለቤትነት ናቸው። ሁለቱ በአብዛኛው መልስ አግኝተዋል። ሦስተኛው ግን የቆጣሪው ጥራት የቱንም ያህል ቢሻሻል የሚፈታ አይደለም።

ቆጣሪውና ተፎካካሪዎቹ

ኢንቴል ፔንቲየም የተባለውን ፕሮሰሰር እ.ኤ.አ. በ1993 ለገበያ ሲያቀርብ 64 ቢት ስፋት ያለው የምት ቆጣሪ አካቶበት ነበር፤ በእንግሊዝኛ ስሙ ምህጻረ ቃል ቲኤስሲ ይባላል። አሠራሩ ቀላል ነው። ማሽኑ ሲነሣ ከዜሮ ጀምሮ በእያንዳንዱ ምት አንድ እየጨመረ ይሄዳል። በ3 ጊጋኸርዝ የሚቆጥር ቆጣሪ ሞልቶ ወደ ዜሮ ለመመለስ 195 ዓመት ገደማ ስለሚፈጅበት መሙላቱ አያሳስብም። ንባቡ አርዲቲኤስሲ በተባለ አንድ ትእዛዝ የሚፈጸም ሲሆን የሚወስደውም በአሥርት የሚቆጠሩ ምቶችን ብቻ ነው።

ተፎካካሪዎቹ ይህን ያህል ቀልጣፎች አይደሉም። የኤሲፒአይ ጊዜ ቆጣሪ በ3.579545 ሜጋኸርዝ ስለሚሄድ ከ279 ናኖሰከንድ ያነሰ ልዩነት አያሳይም፤ በተለመደው የ24 ቢት ስፋቱም ከ5 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሞልቶ ይመለሳል። ኤችፔት የተባለው ቆጣሪ ቢያንስ በ10 ሜጋኸርዝ እንዲሄድ የተደነገገ ቢሆንም ንባቡ ከፕሮሰሰሩ ውጭ ወዳለ መሣሪያ መሻገርን ይጠይቃል። በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለው መሻገር ብዙውን ጊዜ ከእንግዳው ስርዓት ወጥቶ ወደ ሃይፐርቫይዘሩ መሄድና መመለስ ማለት ነው፤ ዋጋውም ከአንድ ሺህ ምት በላይ ሊሆን ይችላል። በእያንዳንዱ የኔትዎርክ ፓኬትና በእያንዳንዱ የተራ ቅይይር ጊዜን የሚጠይቅ ከርነል ይህን ዋጋ ሁልጊዜ ሊከፍል አይችልም። ከርነሉ ቲኤስሲን የሚመርጠው እንግዲህ ለቅንጦት አይደለም።

ይሁንና ቆጣሪው ለብዙ ዓመታት መጥፎ ስም ነበረው፤ ስሙም ያለ ምክንያት አልጠፋም። ቀደም ባሉት ፕሮሰሰሮች ቆጣሪው የኮሩን ፍጥነት ተከትሎ ስለሚሄድ ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነቱ ሲቀነስ አብሮ ይዘገያል፤ ፕሮሰሰሩ ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ሲገባም ይቆማል። የመጀመሪያው እርምት የኮሩ ፍጥነት ቢለዋወጥም ቆጣሪው በቋሚ ድግግሞሽ እንዲሄድ ማድረግ ነበር። ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣው የኢንቴል ኔሃለም ትውልድ ጀምሮ በእንቅልፍ ጊዜም የማይቆም ቆጣሪ መጣ። ሲፒዩአይዲ የተባለው ትእዛዝ ይህን ጠባይ በአንድ ቢት ያሳውቃል፤ ሊኑክስም አንብቦ በፕሮሰሰሩ የባሕርይ ዝርዝር ውስጥ ይመዘግበዋል። ቢቱ ስለ ፍጥነት ወጥነት ብቻ እንደሚናገር ልብ ማለት ያሻል። ሁለት ሶኬት ባለው ማሽን ላይ የሁለቱ ቆጣሪዎች መነሻ አንድ ስለመሆኑ ምንም አይናገርም።

መነሻና ፍጥነት

ሃይፐርቫይዘሩ የእንግዳውን ንባብ በሁለት መንገድ ሊለውጠው ይችላል፤ መነሻውን በማሻገር ወይም ፍጥነቱን በማባዛት። የመጀመሪያውን ለመረዳት ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በአገራችን አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት የሚባለው በዓለም አቀፉ አቆጣጠር 7 ሰዓት ነው። ሁለቱ ሰዓቶች የሚቆጥሩት ያንኑ ሰከንድ በመሆኑ 6 ደምሮ ወይም ቀንሶ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ይቻላል። የፕሮሰሰሩ ሃርድዌርም እንዲሁ ያደርጋል። ሃይፐርቫይዘሩ ለእያንዳንዱ ምናባዊ ፕሮሰሰር አንድ የማሻገሪያ ቁጥር ያስቀምጣል፤ እንግዳው አርዲቲኤስሲን ሲፈጽም ሃርድዌሩ በአስተናጋጁ ንባብ ላይ ቁጥሩን ደምሮ ይመልስለታል። ወደ ሃይፐርቫይዘሩ መውጣት ስለማያስፈልግ ንባቡ ፍጥነቱን እንደያዘ ይቆያል።

መደመር ግን አንዱ ሰዓት ከሌላው እየፈጠነ ሲሄድ አይረዳም። ችግሩ የሚገለጠው ቨርቹዋል ማሽኑ ሥራውን ሳያቋርጥ ከአንድ አስተናጋጅ ወደ ሌላ ሲዛወር ነው። እንግዳው በ2.5 ጊጋኸርዝ በሚቆጥር ማሽን ላይ ተነሥቶ፣ ያንን ቁጥር በከርነሉ ውስጥ መዝግቦ፣ 2.6 ጊጋኸርዝ ወዳለው ማሽን ተዛወረ እንበል። ከዚያ በኋላ እውነተኛው አንድ ሰከንድ ለእንግዳው 1.04 ሰከንድ ይመስለዋል። ስሕተቱ በደቂቃ 2.4 ሰከንድ፣ በሰዓት 144 ሰከንድ ይሆናል። «በኤንቲፒ ይታረማል» የሚል መልስ ይሰማ ይሆናል፤ ሒሳቡ ግን አይደግፈውም። ኤንቲፒ ሰዓትን ቀስ በቀስ ሲያርም የሚፈቀድለት ከፍተኛው መጠን በሚሊዮን 500 ነው፤ የዚህ ምሳሌ ስሕተት ግን በሚሊዮን 40,000 ነው። የሚቀረው ምርጫ ሰዓቱን በዝላይ ማስተካከል ሲሆን፣ በጊዜ ማኅተም ቅደም ተከተልን የሚወስን ዳታቤዝ ዝላዩን ሊሸከመው አይችልም።

ለዚህ የሃርድዌር መልስ አለ። ኤኤምዲም ሆነ ኢንቴል የማባዣ ሬጅስተር አቅርበዋል። በኢንቴል አሠራር የአስተናጋጁ ንባብ 48 የክፍልፋይ ቢት ባለው ቁጥር ተባዝቶ በመጨረሻ የማሻገሪያው ቁጥር ይደመርበታል። ስለዚህ የ2.5 ጊጋኸርዝ እንግዳ በ2.6 ጊጋኸርዝ ማሽን ላይ ሆኖ የለመደውን ፍጥነት ማንበቡን ይቀጥላል። ማባዣ በሌላቸው አሮጌ ማሽኖች ላይ ሃይፐርቫይዘሩ ያለው አማራጭ እያንዳንዱን ንባብ አግቶ በሶፍትዌር ማስላት ነው። ውጤቱ ትክክል፣ ፍጥነቱ ግን ቆጣሪው የተመረጠበትን ምክንያት የሚያጠፋ ይሆናል።

በሜሞሪ ገጽ የሚደረግ ስምምነት

ሌላው መንገድ እንግዳው ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ መሆኑን አውቆ ከሃይፐርቫይዘሩ ጋር እንዲተባበር ማድረግ ነው። በኬቪኤም ይህን የሚፈጽመው ኬቪኤም-ክሎክ የሚባለው የጊዜ ምንጭ ነው። አስተናጋጁ ለእያንዳንዱ ምናባዊ ፕሮሰሰር በጋራ ሜሞሪ ላይ አጭር መዝገብ ይጽፋል፤ በመዝገቡም የተወሰነ የቆጣሪ ንባብ፣ በዚያ ቅጽበት የነበረው ጊዜ በናኖሰከንድ፣ ምትን ወደ ናኖሰከንድ የሚለውጥ ማባዣና የስሪት ቁጥር ይገኛሉ። እንግዳው ቆጣሪውን ራሱ አንብቦ ከተመዘገበው ንባብ ወዲህ ያለፉትን ምቶች ያሰላና ወደ ጊዜ ይለውጣል። የስሪት ቁጥሩ ጎዶሎ ከሆነ መዝገቡ በመጻፍ ላይ ነው ማለት ስለሆነ እንግዳው ደግሞ ይሞክራል። ከዝውውር በኋላ አስተናጋጁ አዲስ ማባዣ መጻፍ ብቻ ይበቃዋል። ማይክሮሶፍት በሃይፐር-ቪ ያበጀው የማጣቀሻ ገጽም በዝርዝሩ ቢለያይ በሐሳቡ ከዚሁ ጋር አንድ ነው።

በዚህ ዘዴ ውስጥ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም የፕሮሰሰሮች ስምምነት፣ ተመልሶ ይመጣል። እያንዳንዱ ምናባዊ ፕሮሰሰር የራሱ መዝገብ ስላለው በሁለቱ መዝገቦች መካከል ያለ ጥቂት ልዩነት አንድ ፕሮግራም ከአንዱ ኮር ወደ ሌላው ሲሻገር ጊዜ ወደ ኋላ የሄደ እንዲመስለው ያደርጋል። ጉዳቱ ከናኖሰከንዶቹ ብዛት ጋር አይመጣጠንም። የሁለት ንባቦች ልዩነት ምልክት በሌለው 64 ቢት ቁጥር ሲያዝ የአንድ ምት ወደ ኋላ መሄድ የመቶ ዓመታት ጥበቃ ሆኖ ይነበባል። ከርነሉ ይህን ለመከላከል በሁሉም ኮሮች የሚታይ አንድ የመጨረሻ ዋጋ ይይዝና ከእርሱ ያነሰ ንባብ አይመልስም። መፍትሔው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ኮሮች ሁሉ በአንድ የሜሞሪ ቃል ላይ እንዲሻሙ ስለሚያደርግ የኮሩ ቁጥር በበዛ መጠን ዋጋው ይጨምራል።

ከዚህ ሽሚያ የሚያድነው አስተናጋጁ በመዝገቡ ላይ የሚያነሣው አንድ ምልክት ነው፤ ትርጉሙም «የሁሉም ፕሮሰሰሮች ንባብ ይስማማል፣ መጠበቂያው አያስፈልግም» ማለት ነው። ኬቪኤም ምልክቱን የሚያነሣው የአስተናጋጁ የጊዜ ምንጭ ራሱ ቲኤስሲ ሲሆንና የእንግዳው ምናባዊ ፕሮሰሰሮች ሁሉ የተስማማ ቆጣሪ ሲኖራቸው ነው። እዚህ ላይ አንድ ያልተጠበቀ ችግር አለ። እንግዳው ስርዓት ቆጣሪውን በእያንዳንዱ ፕሮሰሰር ላይ በየተራ የመጻፍ መብት አለው። በሁለቱ ጽሕፈቶች መካከል ጊዜ ስለሚያልፍ ኬቪኤም ቃል በቃል ቢታዘዝ ቆጣሪዎቹ ይለያያሉ። ስለዚህ ኬቪኤም የእንግዳውን ሐሳብ ይገምታል። ሁለተኛው ጽሕፈት ከመጀመሪያው በኋላ ካለፈው ጊዜ ጋር ሲተያይ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ከተቀራረበ፣ እንግዳው ሊያስማማቸው ፈልጎ ነው በሚል ግምት አንድ ዓይነት ማሻገሪያ ይሰጣቸዋል። ግምቱ በአብዛኛው ይሠራል። ሆኖም የጊዜ ትክክለኛነት መሠረት ከዝርዝር መግለጫ ይልቅ በመልካም ግምት ላይ መቆሙን ማወቅ ለተመራማሪው ይጠቅማል።

ተቆጣጣሪው ሲሳሳት

ሊኑክስ በቆጣሪው ላይ የነበረውን ጥርጣሬ በአንድ ተቆጣጣሪ አማካይነት በሥራ ላይ አውሎታል። ተቆጣጣሪው በየግማሽ ሰከንዱ ቲኤስሲን ከሌላ የጊዜ ምንጭ ጋር ያነጻጽራል። ለረጅም ጊዜ የቆየው የመቻቻያ ገደብ 62.5 ሚሊሰከንድ ነበር፤ ልዩነቱ ከዚያ ካለፈ ከርነሉ ቲኤስሲን «ያልተረጋጋ» ብሎ ወደ ኤችፔት ወይም ወደ ኤሲፒአይ ይዞራል።

በባዶ ሃርድዌር ላይ ይህ አስተዋይ አሠራር ነው። በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ግን በሁለቱ ንባቦች መካከል ምናባዊው ፕሮሰሰር ከእውነተኛው ኮር ሊወርድ ይችላል። ንባቦቹ በአንድ ቅጽበት የተወሰዱ መስለው በመካከላቸው ብዙ ሚሊሰከንድ ያልፋል፤ ተቆጣጣሪውም የሃይፐርቫይዘሩን መዘግየት በቆጣሪው ላይ ያላክካል። ከዚያ በኋላ የስርዓቱ ፍጥነት ይወርዳል፤ ምክንያቱም ቀድሞ ወደ ከርነል ሳይገባ ይመለስ የነበረው የሰዓት ጥያቄ አሁን ሲስተም ኮልና ወደ ሃይፐርቫይዘር መውጣትን ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 በከርነሉ ላይ የተደረጉ ለውጦች ይህን በከፊል አርመዋል። ተቆጣጣሪው ንባቡ ራሱ መዘግየቱን ካወቀ ደግሞ ያነብባል እንጂ ወዲያው አይፈርድም። የቆጣሪ ማስተካከያ ሬጅስተር ባላቸውና የሶኬታቸው ቁጥር አነስተኛ በሆኑ ማሽኖች ላይም በቲኤስሲ ላይ የሚደረገው ቁጥጥር እንዲቀር ተደርጓል።

የድግግሞሽ መለካትም ተመሳሳይ ድክመት አለበት። ከርነሉ ሲነሣ የቆጣሪውን ፍጥነት ከአሮጌው የኢንተራፕት ሰዓት ጋር አነጻጽሮ ካሰላ፣ በዚያች አጭር ጊዜ ምናባዊው ፕሮሰሰር ቢወርድ ስሌቱ ይዛባል። በሚሊዮን 100 የሚሆን ስሕተት በቀን 8.64 ሰከንድ ነው። ድግግሞሹን ከመለካት ይልቅ ከሃይፐርቫይዘሩ ጠይቆ መቀበል ይሻላል፤ ኬቪኤምም ሆነ ቪኤምዌር ይህን መረጃ ለእንግዳው ይሰጣሉ።

የተለካው ጊዜ የማን ነው?

እስካሁን የተነሡት ችግሮች ሁሉ ተፈትተዋል እንበል። ቆጣሪው ወጥ ነው፣ ኮሮቹ ይስማማሉ፣ ድግግሞሹ ይታወቃል። አሁን አንድ ተመራማሪ 2 ማይክሮሰከንድ የሚፈጅ የከርነል ተግባር ወስዶ ከመነሻውና ከመድረሻው ቆጣሪውን በማንበብ 1,000 ጊዜ ይለካዋል። ከ1,000ው በአንዱ ላይ ምናባዊው ፕሮሰሰር ለ4 ሚሊሰከንድ ከኮሩ ቢወርድ አማካዩ 6 ማይክሮሰከንድ ይሆናል። ቆጣሪው አንድም ስሕተት አልሠራም፤ ያለፈውን ጊዜ በትክክል ነግሯል። ከዚያ ጊዜ ሁለት ሦስተኛው ግን የተግባሩ አይደለም። መካከለኛው ዋጋ በአንጻሩ 2 ማይክሮሰከንድ እንደሆነ ይቆያል። አማካይን ብቻ የሚዘግብ ጥናት ለካሁ የሚለው የከርነሉን ተግባር ነው፤ የለካው ግን የአስተናጋጁን የተራ አሰጣጥ ሊሆን ይችላል።

የከርነል ፕሮግራም አዘጋጅ ልማዳዊ መከላከያ ኢንተራፕትንና የተራ ቅይይርን ዘግቶ መለካት ነው። በእንግዳው ውስጥ የሚዘጋው ግን የእንግዳው በር ብቻ ነው። አስተናጋጁ ለእውነተኛው ኮር የሚመጣውን ኢንተራፕት ይቀበላል፤ ምናባዊውን ፕሮሰሰርም በፈለገው ጊዜ ያወርደዋል።

ከዚህ ይልቅ የረቀቀው ወጥመድ በራሱ በአለካክ ስልቱ ውስጥ ነው። አርዲቲኤስሲ ከእርሱ በፊት የተጻፉትን ትእዛዞች ፍጻሜ የማይጠብቅ በመሆኑ ፕሮሰሰሩ ንባቡን ሊያስቀድመው ይችላል። ይህን ለማስቀረት በቆየው ልማድ ከእያንዳንዱ ንባብ በፊት የሲፒዩአይዲ ትእዛዝ ይገባል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው የልኬት መመሪያ ስልቱን አሻሽሎ በመነሻው ሲፒዩአይዲንና አርዲቲኤስሲን፣ በመድረሻው አርዲቲኤስሲፒን አስቀድሞ ሲፒዩአይዲን ከኋላ እንዲገባ ይመክራል። መመሪያው ለባዶ ሃርድዌር የተጻፈ ነው። በኢንቴል ምናባዊነት ግን ሲፒዩአይዲ ሁልጊዜ፣ ያለ ምንም አማራጭ፣ ወደ ሃይፐርቫይዘር መውጣትን ያስከትላል። በአሮጌው ስልት የመድረሻው ሲፒዩአይዲ ከሚለካው ክልል ውስጥ ስለሚወድቅ ከአንድ ሺህ ምት በላይ የሚፈጅ ጉዞ በውጤቱ ላይ ይደመራል። በተሻሻለው ስልት ጉዞው ከክልሉ ውጭ ቢሆንም እንግዳው የሚመለሰው ካሼው ተረብሾ ነው፤ ስለዚህ የሚለካው የመጀመሪያ ክፍል ከወትሮው ይዘገያል። በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ በሲፒዩአይዲ ፈንታ ኤልፌንስ የተባለውን ማገጃ መጠቀም ይገባል፤ ወደ ሃይፐርቫይዘር አያወጣም፣ ለዚህ ዓላማም በቂ ነው። የመመሪያውን ኮድ እንዳለ ቀድቶ በተከራየው ማሽን ላይ የሚያስኬድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በአስተናጋጁ ወጪ የተበከለ ቁጥር በመመረቂያ ጽሑፉ ሠንጠረዥ ውስጥ ሊያሰፍር ይችላል፤ የቁጥሩ መልክ ደግሞ ምንም አያስጠረጥርም።

የተሰረቀ ጊዜ የሚባለው መቁጠሪያ በከፊል ይረዳል። ኬቪኤም ምናባዊው ፕሮሰሰር ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ ተራ የጠበቀበትን ጊዜ በጋራ ሜሞሪ ላይ ስለሚመዘግብ፣ ከልኬቱ በፊትና በኋላ አንብቦ ልዩነት ያሳየውን ናሙና መለየት ይቻላል። መቁጠሪያው ግን የሚያየው የተራ ጥበቃን ብቻ ነው። ሃይፐርቫይዘሩ ስለ እንግዳው ሆኖ የሜሞሪ ገጽ ሲያቀርብ ወይም የመሣሪያ ጥያቄ ሲፈጽም የሚያልፈው ጊዜ በዚያ አይቆጠርም። ለፍትሕ ያህል ባዶ ሃርድዌርም ከዚህ ፈጽሞ ነጻ አይደለም፤ የማዘርቦርዱ ፈርምዌር ስርዓተ ክወናው ሳያውቅ ፕሮሰሰሩን የሚነጥቅበት ጊዜ አለ። ሊኑክስም ይህን የሚያድን መከታተያ በውስጡ ይዟል።

ከናሙናዎቹ ትንሹን ዋጋ መውሰድም የተለመደ ነው። ለአንዳንድ ጥያቄ ይበቃል። ተግባሩ ያለ ረብሻ ስንት ምት ይፈጃል የሚል ጥናት በትንሹ ዋጋ ሊረካ ይችላል። ስለ ዘገዩት ጥቂቶች የሚጠይቅ ጥናት ግን ትንሹን ዋጋ ሲወስድ ጥያቄውን ራሱን ጥሎታል፤ የዘገዩት ናሙናዎች ከእንግዳው ከርነል ወይም ከአስተናጋጁ መምጣታቸውን ለመለየት የአስተናጋጁ መዝገብ ያስፈልገዋል። አስተናጋጁ በእጅ ከሆነ ይህ ይቻላል፤ ኬቪኤም የእያንዳንዱን ምናባዊ ፕሮሰሰር የማሻገሪያ ቁጥር ለማረሚያ በተዘጋጀው የፋይል ስርዓት ስለሚያሳይ፣ የእንግዳውንና የአስተናጋጁን የክትትል መዝገቦች በአንድ የጊዜ መስመር ላይ ማሰለፍ አስቸጋሪ አይደለም።

በኪራይ ማሽን ላይ ይህ መንገድ ዝግ ነው። እዚያ የሚሠራ ጥናት ቢያንስ የጊዜ ምንጩን ስም፣ የቆጣሪውን የወጥነት ምልክትና በልኬቱ ወቅት የታየውን የተሰረቀ ጊዜ ከውጤቱ ጎን ሊያሰፍር፣ ከአማካይም ይልቅ ሙሉውን ሥርጭት ሊያሳይ ይገባል። ሁለት የከርነል ቅጂዎችን የሚያወዳድር ከሆነ ደግሞ የአንዱን ልኬት በሙሉ ጨርሶ ወደ ሌላው ማለፍ አይመከርም፤ በመካከል የጎረቤት ቨርቹዋል ማሽኖች ጭነት ሊለወጥ ይችላልና። ቅጂዎቹ በአጫጭር ዙር፣ ቅደም ተከተላቸው በዕጣ እየተለዋወጠ ሲለኩ የአስተናጋጁ ረብሻ ለሁለቱም በተቀራረበ መጠን ይደርሳቸዋል፤ የእያንዳንዱ ቁጥር ፍጹም ዋጋ ባይታመን እንኳ ልዩነታቸው ሊነበብ የሚችል ይሆናል።